ከማክሰኞ ቀጥሎ ያለው ቀን

ጃግራኒ የባሏን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም። በእኛ በታሩ ሕዝብ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም ከጠራች ዕድሜው ያጥራል ይባላል። ስሙ ደግሞ የተወለደበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ቀኑንም «ከማክሰኞ ቀጥሎ ያለው» ትለዋለች። እኔም የታናሽ ወንድሙ ሚስት ነኝና ክልክሉ ለእኔም ነው፤ ስሙን ከእኔ አትጠብቁ።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የመንግሥት ወታደሮች ከሩዝ ማሳው ይዘውት ሄዱ፤ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት። ልጁን ሱስሚታን ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ ዜጋ የሚያደርጋት ግን የጠፋው አባቷ ነው። የዜግነት ወረቀት ካልያዘች የፊታችን እሑድ ለነርስነት ፈተና አትቀመጥም። ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ወር ሙሉ «አባትየውን ይዛችሁ ኑ» ሲለን ከረመ።

«የወሰዳችሁት እናንተ፣ የማመጣው እኔ?» አለቻቸው ጃግራኒ።

አፈሩ መሰለኝ፣ ሚስትየዋ ራሷ ቃሏን ትስጥ ተባለ። ሦስታችንም ሄድን።

«የባልሽ ስም?» አለ ጸሐፊው።

ጃግራኒ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «ከማክሰኞ ቀጥሎ ያለው ቀን፣ ጌታዬ።»

«ሴትዮ፣ ስም ነው የጠየቅኩሽ! ማን ቀጠሮ ስጪኝ አለሽ?»

«አባቴ…» ብላ ሱስሚታ ስትጀምር ጠረጴዛውን መታው።

«አንቺ ዝም በይ! አባትሽ መሆኑን ለማወቅ አይደል እንዴ የተቀመጥነው?»

ደሜ ፈላ። ምርጫ ሲደርስ ቤታችን ድረስ መጥተው «እናቶቻችን» የሚሉን እነዚሁ የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ተነሣሁና ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በጣቴ ነካሁለት። መነጽር የለኝም፤ ጣቴ ለካ ማክሰኞ ላይ አርፏል።

«አሃ! ማንጋል!» አለ ደስ ብሎት። በእኛ ቋንቋ ማክሰኞ ማለት ነው። ብዕሩን አነሣ።

የምናውቀው ማንጋል አንድ ነው፤ በሩዝ ጠላ ሰክሮ ቦይ ውስጥ የሚተኛው፣ የጃግራኒን ዳክዬ ሰርቆ የበላው ጎረቤታችን።

«ማንጋል?» ጃግራኒ ብድግ አለች። «ያ ዳክዬ ሌባ የልጄ አባት?»

«እትዬ፣ ተረጋጊ» አልኳት።

«አልረጋጋም! ቡድራም ነው! ቡድራም! ቡድራም!»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ።

«ይኸው ጠራሁት» አለች ቀስ ብላ። «ካለ ይምጣና ይቆጣኝ።»

ወደ በሩ ዞረች። እኔም ዞርኩ፣ ሱስሚታም ዞረች። ጸሐፊው ሳይቀር በሩን ያይ ጀመር። ብዙ ቆየን።

ማንም አልገባም።

ጃግራኒ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

«በል ጻፍ» አለችው። «ቡድራም።»