ያልተሸፈነው መስታወት

ኤቭዶኪያ የስኒውን ትሪ እንደያዘች ቁም ሳጥኑ ፊት ቀጥ ብላ ቀረች። ከትናንቱ ቀብር ጀምሮ ቤት ውስጥ ያለው መስታወት ሁሉ ተሸፍኗል፤ አንዱ በአንሶላ፣ አንዱ በጠረጴዛ ልብስ። የቁም ሳጥኑን የሸፈነው ግን ጥቁር ከፋይ ነው። ጠርዙን የዘመዘመችው ራሷ ናት።

«ፎቲኒ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

የባሏ እህት ፎቲኒ ለለቀስተኛው ደረቅ ብስኩት እያዞረች ነበር። «ከጓሮ ነዋ! ማታ በጨለማ አንድ ሳንቃ ላይ ተጥሎ አገኘሁት። አንሶላሽ አለቀ ተብሎ የወንድሜ ነፍስ መስታወት ውስጥ ተይዛ ትቅር? ምነው፣ አጠፋሁ?»

ኤቭዶኪያ ክው አለች።

ባሏ ስታማቲስ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ሲቆፍር የዋሻው ጣሪያ አንገቱ ላይ ከተናደበት ወዲህ ቀና ማለት አይችልም ነበር። ለኮከብ ደግሞ ነፍሱን ይሰጥ ነበር። «እኔ ቀና ማለት ካቃተኝ ሰማዩ ዝቅ ይበላ!» አለና ከተጣለ የፎቶ ኮፒ ማሽን መስታወት ነቀለ። ሳንቃ ላይ ሰያፍ አድርጎ በማጠፊያ አሰረው፤ የሩቅ ማያ መነጽሩንም ከበላዩ ወደ መስታወቱ ደፍቶ በብሎን አጠበቀው። ከዚያ በኋላ ሾርባ እንደሚጠጣ ሰው አጎንብሶ ሰማይ ያይ ጀመር።

«ነይ አንቺ ፈሪ፣ አንዴ እዪ» ይላት ነበር።

«ወደ ታች ሰማይ? ጉድጓድ ነው የሚመስለኝ። ተወኝ!»

አልፈረደባትም። አባቷን የማዕድን ከተማቸው የኩበር ፒዲ ክፍት የቁፋሮ ጉድጓድ ነው የዋጠባት። ስታማቲስ አጥብቆ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ሳትወጣ መስታወቱ ይሸፈን። «ፀሐይ እዚህ ከገባች ዓይን ትበላለች። ቀልድ የለም» ብሏታል። ከፋዩን የሰፋችለትም ለዚሁ ነው።

«ሌፍቴሪስ የታለ?» አለች። ሌፍቴሪስ የሠርጋቸው ሚዜ፣ የባሏ የዕድሜ ልክ የቁፋሮ ባልንጀራ ነው።

«ጓሮ ወጣ» አለች ፎቲኒ። «ስታማቲስ ሲያጎነብስ የኖረው ምን አይቶ እንደሆነ ልየው አለ።»

ትሪው ከእጇ ወደቀ። የምድር ውስጥ ቤቱን ደረጃ እየተደናቀፈች ወጣች። ውጭ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። ሌፍቴሪስ ሳንቃው ፊት ያለው ዱካ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መነጽሩ ዝቅ እያደረገ ነው። ከመነጽሩ የጎማ ጠርዝ ቀጭን ጢስ ሲወጣ አየች፤ እሱ አላየውም። የሐዘን ሻሿን ከራሷ መዥርጣ መስታወቱ ላይ ወረወረች፤ ራሷም ሳንቃው ላይ ተደፋች።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ዘለለ። ከዚያ የተቃጠለው ጎማ ሸተተው። በጣቱ ነካ አደረገውና ፈጥኖ ሰበሰበ። «እመቤቴ ማርያም! ይሄ ሰውዬ ሞቶም ሊያሳውረኝ ነው?» ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው።

ኤቭዶኪያ ሻሹን መስታወቱ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እሱን ትናንት ቀብሬ፣ ዛሬ ያንተን ዓይን...»

ፎቲኒ እያለከለከች ደረሰች። «ራስሽን ሸፍኚ እንጂ፣ ሰው አለ!» አለችና ከሻሹ ስር የሚያብለጨልጨውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። አማተበች። «መስታወት ነበር እንዴ? ክፍቱን አደረ? እኔው በእጄ ገልጬው... ወንድሜ እዚህ ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ?»

ይህን የሰማች ኤቭዶኪያ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። ያ የምትፈራው ጉድጓድ፣ አሁን ደግሞ እሱን ውጦ ይሆን?

ፀሐይ ጠልቃ ኮከብ ሲወጣ ሌፍቴሪስን አስከትላ ሄደች። ሻሹን በፍርሃት ገለጠች። «ካለህ ውጣ፣ የእኔ ጌታ። ሂድ፣ አልይዝህም» አለች። ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ የሌፍቴሪስን እጅጌ ጨምድዳ ያዘችና አጎነበሰች።

ጥቁር ነው፤ መጨረሻም የለው። ቆይቶ ብርሃን ታያት፣ በጉም ውስጥ እንዳለ ፋኖስ የፈዘዘ።

«ደብዝዟል» አለች በሹክሹክታ።

«ለስታማቲስ ዓይን እንደተስተካከለ ነዋ። መነጽሩ መሃል ላይ ያለችውን ጥርሳም ማዞሪያ አዙሪያት፣ ይጠራልሻል።»

በጣቷ የማዞሪያዋን ጥርስ ዳሰሰች። የስታማቲስ ጣት ያቆማት ቦታ ላይ ነች። ኤቭዶኪያ እጇን ቀስ ብላ አነሳችና ጉያዋ ውስጥ ከተተች፤ የደበዘዘውንም ሰማይ እንደደበዘዘ ታየው ጀመር።