ግንብ የፈረሰበት የጎመን ወር

የዶልጎል መንደር ሹም ማ ዱቾል በየማለዳው ከማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጡ የኮታቸውን ቁልፎች እስከ አንገታቸው ይቆልፉ ነበር። የሚያያቸው ሰው ኖሮ አይደለም። ማይክሮፎኑ የሚገኘው ከመንደሩ አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በዚያች ክፍል ከእርሳቸውና ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ በቀር ማንም አልነበረም። ሆኖም ዓለምን ለሰው የሚያስተዋውቅ ሰው ደረቱን ገልጦ መቀመጥ እንደማይገባው ያምኑ ነበር።

«ኧ... ኧ... ፉ! ፉ! የማይክሮፎን ሙከራ ነው።»

ሙከራው ብቻውን መንደሩን በሙሉ ስለሚቀሰቅስ፣ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ ለነቃ ሕዝብ የሚነገር ነበር። በቅድሚያ የመንደሩ ጉዳይ ይወሳል፦ ማዳበሪያ መጥቷል፤ የድልድዩ ጣውላ ላልቷልና በብስክሌት አትለፉ፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ፍየል አዳራሹ ደጃፍ ታስሯል። በጋንግዎን ተራሮች ያሉ ሌሎች የመንደር ሹሞች እዚህ ላይ አመስግነው ይዘጋሉ። ማ ዱቾል ግን ትንፋሻቸውን ሰብስበው «አሁን ደግሞ ወደ ዓለም እንሻገራለን» ይሉና፣ ጎህ ሲቀድ ከሬዲዮ የሰሙትን ሁሉ ከራሳቸው አስተያየት ጋር ያወርዱታል።

በሌላው ጊዜ ዓለም አጭር ነበረች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1989 ግን ልኳን ሳተች። ወሩ ገና ሳይጋመስ ናሚቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፋ መረጠች፤ ሹሙም የሰልፉን ርዝመት ሲተርኩ ሩዙ በየምድጃው አረረ።

ይህ የዓለም አለመጠን የመጣው በክፉ ጊዜ ነበር። የመንደሩ ዓመታዊ ስብሰባ በወሩ መጨረሻ፣ የብርዱ ወራት ስንቅ የሆነው ኪምቺ፣ በጨውና በበርበሬ የሚብላላ ጎመን፣ ተሠርቶ በየጋኑ ከተቀበረ በኋላ እንዲካሄድ ተወስኗል፤ በስብሰባውም ሹም ይመረጣል። ተቀናቃኝ እጩ ሆኖ የቀረበው የሩዝ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቦንግጉ ነበር። የቦንግጉ ቂም ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከአዳራሹ አጠገብ በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሁለት አፍ አለው፤ አንደኛው ወደ ጅረቱ፣ ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ቦንግጉ መኝታ ቤት ይመለከታል።

«ጋሼ ዱቾል፣» አለ ቦንግጉ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ናሚቢያዎች ጎመናችንን ይገዙልናል እንዴ?»

«እስካሁን አልተጠየቁም።»

«ታዲያ ምን አድርጌያቸው ነው ከሚስቴ ጎን የሚያስነሱኝ? እኔ ከተመረጥኩ ያ ድምፅ ማጉያ ስለ ጎመን ብቻ ነው የሚያወራው። ጎመን ካለቀ ዝም!»

ወረፋው ሳቀ። ማ ዱቾልም ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሹመቱ ቢቀር ግድ አልነበራቸውም፤ የሰው ጠብ መዳኘትና የሰው ፍየል መጠበቅ ነው። ማይክሮፎኑን ማጣት ግን ሌላ ነገር ነበር። ያለ ማይክሮፎን በገዛ ቤታቸው እንኳ የሚያዳምጣቸው እንደሌለ በሚገባ ያውቁታል።

በዚያው ሳምንት፣ በአንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ያለ ሰዓቱ ጮኸ። በማሳው ፍጅል የሚነቅሉት ሴቶች ቀና አሉ። የማይክሮፎን ሙከራ አልተደረገም፤ ይህ ብቻውን ሰውን አስደነገጠ።

«በርሊን ላይ ግንቡ ተከፍቷል፣» አሉ ሹሙ። «የዚያኛው ወገን ሰዎች ወደዚህኛው ወገን በእግራቸው እየተሻገሩ ነው። ማንም አልተኮሰም። ዘመድ ከዘመዱ ጋር...» ከዚያ በኋላ ንፍጥ የመናፈጥ ድምፅ በሁለቱም አፍ ወጣ፣ ከተራራው ጋር ተላትሞም ተመለሰ።

የእነርሱም አገር ሰሜንና ደቡብ ተብላ የተከፈለች ነበረች። ሰሜን ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ወደ ሰሜን በእግሩ የተሻገረ ሰው ግን ከጦርነቱ ወዲህ አልታየም። ከሴቶቹ መካከል ቀና ያላሉት እማማ ኦክቡን ብቻ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ሕፃን አዝለው ወደ ደቡብ የወረዱ፣ እህታቸውን ኦክርዬን እዚያው ትተው የመጡ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የነቀሉትን ፍጅል አፈር በአውራ ጣታቸው ጠረጉና «ጀርመኖች ኪምቺ አላቸው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የላቸውም መሰለኝ፣» አለች አንዲቷ።

«ጉድ ነው!» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ኪምቺ በዶልጎል በወንፈል ነው የሚሠራው፤ የሁሉም ቤት ጎመን በአንድ ላይ ይታጠባል፣ ይለወሳል። የእማማ ኦክቡን ክምር ከሁሉም ያነሰ ስለነበር ማንም አይቆጥረውም። በዚያ ዓመት ግን ለትልቅ ቤተሰብ የሚበቃ ጎመን በጋሪ አስመጥተው ደጃፋቸው ላይ አራገፉት። የማን ነው ቢባሉ፣ «የእህቴ ቤት ድርሻ ነው። ኪምቺ የሌላቸው ሰዎች ግንብ ካፈረሱ፣ እኛማ!» አሉ።

የሹሙ ባለቤት ሱንዶክ የወንፈሉ አለቃ ናት። ወሬው ሲደርሳት እጇን እንኳ ሳትታጠብ ቤት ገባችና ባሏን በልጃቸው ስም ጠራች።

«የኢንጃ አባት! በጀርመን ወሬህ የስንቱን ሴት ወገብ ልትቆርጥ ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩ? የሆነውን ነው የተናገርኩት።»

«የሆነውን! የማይሆነውንስ ማን ይንገራቸው? አሮጊቷ እህቷን ልትቀበል ተዘጋጅታለች እኮ! አልቅሰህ ያሳመንካት አንተ ነህ።»

ቦንግጉም ዕድሉን አላባከነውም። በአዳራሹ ደጃፍ፣ በፍየሉ አጠገብ፣ ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት በዚሁ ድምፅ ማጉያ፣ የኛ ግንብ እንዳለ ነው፣ ማንም አይመጣም ብለው ይናገሩ። ያሞቁትን ራስዎ ያብርዱት። እምቢ ካሉ፣ ሰዉ እጁን ለማን እንደሚያወጣ ያውቃል።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍየሉም ነቀነቀ።

በማግስቱ ማ ዱቾል ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። ጎመኑ በጨው ውሃ አድሯል፤ ሴቶቹ በጅረቱ ዳር እያጠቡ ነበር። ሹሙ ስለ ማዳበሪያው ተናገሩ። ከዚያም ያንን ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። «የኛ...» አሉና ቆሙ። ከአሮጊቷ ደጃፍ የተራገፈው የጎመን ክምር በዓይናቸው መጣ። «የኛ ሬዲዮ እንደሚለው፣ በፕራግ አደባባይ ሰዉ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለመንግሥት እያንቃጨለ ነው፤ በቃህ፣ ሂድ ማለት ነው፣» ብለው ጨረሱ። ማይክሮፎኑንም ዘጉ።

ዘጉ እንጂ አልተዘጋም። የማብሪያውን ቀይ መብራት ያቃጠለው የዝናቡ ወራት መብረቅ ነበር፤ ሹሙ በመንደሩ የላላውን ጣውላ ሁሉ ሲያውጁ ይህን ሳያስጠግኑ ቀርተዋል። ስለዚህ ክፍት ይሁን ዝግ የሚታወቀው በጣት ስሜት ብቻ ነበር፤ የዚያን ቀን ደግሞ ሐሳባቸው ከጎመኑ ክምር ላይ ነበር።

በሩ ተከፈተና እማማ ኦክቡን የተቀቀለ ስኳር ድንች በሳህን ይዘው ገቡ።

«እንካ ብላ። ድምፅህ የተራበ ሰው ድምፅ ነው።»

«እማማ፣ ይቀመጡ። አንድ ነገር ልንገርዎ። ያ የፈረሰው ግንብ... የጀርመን ነው።»

በጅረቱ ዳር ሴቶቹ እጃቸውን ከውሃው አወጡ። ድምፁ ከሰማይ እየመጣ ነበር።

«ታዲያ የማን ይሁን?» አሉ አሮጊቷ። «አንተ ልጅ፣ ደንቆሮ መሰልኩህ? በርሊን የት እንዳለች የነገርከኝ ራስህ ነህ። ያውም ከሞስኮ ወዲህ ብለህ ተሳስተህ!»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጎመን?»

«ጎመን በለወስኩ ቁጥር እጄ የኦክርዬን ጨው ይዘግናል። ልማድ ነው። በየዓመቱ እመልሰዋለሁ። ዘንድሮ መመለሱ ሰለቸኝ። መጣች አልመጣች፣ ጋኑ ይጠብቃታል። ከኔ ይልቅ ጋን መጠበቅ ይችላል።»

«ለምን ይህን ለሴቶቹ አልነገሯቸውም?»

«እንዲያዝኑልኝ? ጃጀች ቢሉኝ ይሻለኛል። የጃጀ ሰው ጎመን አይከለከልም።»

ሹሙ ስኳር ድንቹን ወደ ሳህኑ መለሱ። «እኔ ግን ከዚህች ክፍል መውጣቴ ነው። ቦንግጉ ዓለምን ጠልቷል፤ ሰዉም ከእሱ ጋር ነው።»

«ማን? ቦንግጉ?» አሮጊቷ ሳቁ፤ ሳቁ በተራራው ላይ ተንከባለለ። «ዓለም ስትጀምር ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚሰማህ! እዚያ ድምፁ ይጠራል አሉ። ባለፈው ሩዝ ላስፈትግ ብሄድ ጎተት አደረገኝና 'እማማ፣ ቡልጋሪያ መጨረሻዋ ምን ሆነ? ወረቀት ስፈልግ አመለጠኝ' አይለኝም?»

በወፍጮ ቤቱ ውስጥ አንድ ጆንያ ወደቀ። ሞተሩም ጠፋ።

«አንተም ብትሆን ታበዛዋለህ፣» ሲሉ ቀጠሉ አሮጊቷ። «ወሬው ጥሩ ነው። 'ይህን ስል ልቤ' ብለህ ስትጀምር ነው ድስቴ የሚያርረው።»

በሩ በኃይል ተበረገደና የሱንዶክ ድምፅ ሁለቱንም አፍ ሞላው። «የኢንጃ አባት! ዝጋው! ኧረ ዝጋው! ጅረቱ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ጎመኑ በውሃ እየሄደ ነው!»

ከዚያ «ጠቅ» አለ። መንደሩ ከማዳበሪያና ከጣውላ ያለፈ የራሱን ዜና ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ኪምቺ በሚለወስበት ቀን ለእማማ ኦክቡን ማንም ምንም አላላቸውም። የተነሣው ጠብ አንድ ብቻ ነው። አንዲት ሴት የኦክርዬን ድርሻ እንደ ዶልጎል ልማድ በበርበሬ ልታቀላው ስትል ሱንዶክ እጇን ያዘቻት። «የሰሜን ሰው ይህን ያህል በርበሬ አይችልም! ከመንገድ መጥታ ሆዷን ልታቃጥያት ነው?» በዚህም ላይ ሴቶቹ እስከ ምሳ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ውሃው በዛ ብሎ፣ በርበሬው አንሶ እንዲቀመም ተወሰነ። የጋኑን ጉድጓድ የቆፈረው ቦንግጉ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ከጉድጓዱ ቀና ባለ ቁጥር ግን ሴቶቹ «ቡልጋሪያ! ጥልቅ አድርገው!» ይሉት ነበር።

የስብሰባው ቀን የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ተበላ፣ ማክጎሊ የሚባለው የሩዝ ጠላ ተጠጣ። ማ ዱቾል ኮታቸውን ቆልፈው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ሥጋውን አልነኩም። ቦንግጉ ሊናገር ሲነሣ ሴቶቹ ጭልፋቸውን ከሳህናቸው ጋር ያጋጩ ጀመር። እንደ ፕራግ ቁልፍ ማንቃጨል ፈልገው ነበር፤ በዶልጎል ግን ቤቱን የሚቆልፍ ሰው ስለሌለ ቁልፍ አልተገኘም።

«ቆይ! ልናገር እንጂ!» አለ ቦንግጉ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ። «ሹመቱን አልፈልግም። በዓለምም ቂም የለኝም። ያንን አፍ ብቻ ከመኝታ ቤቴ ላይ አዙሩልኝ!»

«ለሽንት ቤቱስ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ለሽንት ቤቱ የሌላኛው አፍ ማሚቶ ይበቃኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እጅ ሲወጣ ቦንግጉም ለማ ዱቾል አወጣ። ሆኖም ሹመቱ የጸደቀው በአንድ ግዴታ ነበር፦ ማብሪያ ማጥፊያው ከእንግዲህ በሹሙ ሳይሆን በእማማ ኦክቡን እጅ እንዲሆን። አፉን ወዴት እናዙረው የሚለውም ተነሣ። ወደ ምሥራቅ አዳራሹ ይከልለዋል፤ ወደ ምዕራብ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቤት አለ። «ወደ ሰሜን አዙሩት፣» አሉ እማማ ኦክቡን። በሰሜን በኩል ያለው ተራራ ብቻ ነው፤ ከዱር አሳማ በቀር የሚቃወም የለም ተብሎ ተስማሙ።

ዲሴምበር 1 ቀን ማ ዱቾል ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። «ኧ... ኧ... ፉ! ፉ!» ፍየሉ እስካሁን ባለቤት እንዳልተገኘለት አስታወቁ። ከዚያ ወደ ዓለም ተሻገሩ፤ ዓለምም እንደ ወትሮዋ ብዙ ነበረች። አንደኛው አፍ ለጅረቱ፣ ሌላኛው ለተራራው ተናገረ። በቦንግጉ ግቢ አንድ የእንጨት በር ቀስ ብሎ ገርበብ አለ።

«እነሆ ወሩ አለፈ፣» አሉ ሹሙ። «ይህን ስል ልቤ...»

ጠቅ።