የጓንቱ ውጤት

ልብስ ሰፊውን ስትሮክ ከመታው አራት ወሩ ነው። አንደበቱ ተርፎለታል፤ አርባ ዓመት መርፌ የያዘው ቀኝ እጁ ግን የሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል። የቀረው ተስፋ ከሆስፒታሉ የሕክምና ክፍል በውሰት ቤቱ የመጣ ጓንት ነው። ጓንቱ ከጣቶቹ አንዱን ይነዝራል፤ በሽተኛው የተነዘረውን ለይቶ ካጠፈ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን አረንጓዴ አብርታ ውጤቱን ትመዘግባለች።

እሱ ግን ንዝረቱ አይሰማውም። ማሽኗ ቀይ ባበራች ቁጥር የሚስቱ ፊት ይጠቁር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አላስቻላትም፤ ጓንቱን ዳብሳ የሚነዝረውን ስታገኝ ጣቱን እሷው ታጥፍለት ጀመር። ተይ ቢላት፣ «ተስፋ የለውም ብለው እንዲተዉህ ነው የምትፈልገው?» አለችው። ሴትዮዋ አንዴ ካለች አለች ነው። ደግሞም አረንጓዴው ሲበራ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር፤ ያን ሳቅ ካየ ስንት ጊዜው! እጁን ለቀቀላት።

በወሩ መጨረሻ ጓንቱን ይዘው ሆስፒታል ሲሄዱ፣ የሕክምና ክፍሉ ባለሙያ መዝገቡን አይታ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ከመቶ ሰማንያ አምጥተዋል» አለችው። ከዚያም ጓንቱ አንድ ብቻ ስለሆነ የተሻለው እየመለሰ ለባሰበት እንደሚሰጥ፣ ለእሱ ከእንግዲህ ኳስ መጨበጥ እንደሚበቃው አስረዳች።

ሚስቱ ክው አለች። እሱም ጨነቀው፤ ቢናገር ሚስቱን በሰው ፊት ማዋረድ፣ ዝም ቢል እጁን በቁሙ መቅበር ነው። ባለሙያዋ የሸሚዙን ቁልፍ እንዲቆልፍ ጠየቀችው። ስንት ሺህ ቁልፍ የተከለ ሰው አንዷን መያዝ አቃተው። ባለሙያዋ ግን ከዓይኗ ይልቅ መዝገቡን አመነች፤ ዛሬ ደክሞት ነው አለች።

ሚስቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። ይሄኔ ጓንቱን የምትወስደው ተረኛ ታካሚ ገባች፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት፣ አንድ እጇን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በሌላው ሕፃን ታቅፋ። ጓንቱን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሚስቱ አፏን መልሳ ዘጋች።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሚስቱ አለቀሰች፤ እሱ እንባዋን በግራ እጁ ጠረገላት። ከዚያ የሞተውን እጁን አንስታ አመልካች ጣቱን ጫን አለችው።

«ይሄስ? ይሰማሃል?»

ምንም አልተሰማውም።

«ይሰማኛል» አላት።

እሷም ወደሚቀጥለው ጣት አለፈች።