ከራሽያኛ የቀረው

«ፈድሊያ፣ ከሻርፕሽ ሥር የደበቅሽውን ወረቀት አይቼዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ከፍራሹ ሳይነሱ።

የቡና ተመራማሪዋ ደነገጠች። የወይዘሮዋ ባለቤት የአቶ አብሳሎም ሠልስት ነው፤ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የተጣለው ድንኳን ለቀስተኛ ሞልቶታል።

«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ ይርሱት። ከቢሮ በቀጥታ መጥቼ ነው። አላህ ሶብሩን ይስጥዎት።»

ወርቅውሃ ግን ወረቀቱን አውቀውታል። ባለቤታቸው አልጋ ላይ እስኪወድቁ ድረስ ሊተረጉሙት ሲታገሉ የከረሙት የራሽያኛ ጥናት ነው። አብሳሎም ጡረታ በወጡ ሰሞን አንድ አሮጌ መጋዘን ሲጸዳ፣ ራሽያኖች በደርግ ጊዜ ስለ ቡና በሽታ የጻፉት ክምር ሊቃጠል ደጅ ወጥቶ አገኙ። «ማን ያነበዋል?» ሲሏቸው «እኔ» ብለው በባጃጅ ጭነው መጡ።

«የሞተ ወረቀት ቤቴን ሞላው!» ብለው ተቆጥተው ነበር ወርቅውሃ። የተቆጡትም በራሽያኛ ነው። ሁለቱም ራሽያ፣ ክራስኖዳር ከተማ ተምረው እዚያው ነው የተዋወቁት፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ ሲፈልጉ የሚጣሉትም የሚታረቁትም በዚያው ቋንቋ ነበር። አሁን ከማን ጋር ሊያወሩት? ቋንቋውን ከባላቸው ጋር አብረው የቀበሩት መስሏቸው ነበር።

«ሸቤ ያለው ቡና እንዴት ነው?» አሉ።

ፈድሊያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቡናው ቆሞ እየደረቀ ነው። ጋሽ አብሳሎም የተረጎሙልን ግማሹ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ነው የሚናገረው። እንዴት እንዳቆሙት የሚነግረን ያልተተረጎመው ቀሪው ነው። ገበሬዎቹ ደግሞ ነቅለው ጫት ሊተክሉ ነው። በስልኬ ባስተረጉመው ‹የታመመው ዛፍ ዘመዶቹ ይጠሩ› አለኝ።»

ወርቅውሃ ሳቅ አመለጣቸው። ቶሎ ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ኧረ ሰው ያያል!» አለች እህታቸው ሩት።

«ይየኝ። አምጪው፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ በለቅሶ ላይ...»

«እሱ ቢሆን ከቀብር መልስ እጁን ሳይታጠብ ያነበው ነበር። አምጪው።»

መጀመሪያ ምላሳቸው ተሳሰረ። ቆይቶ ተፍታታ። «የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል... በዙሪያው ያሉትም ይመረመራሉ... ገጀራው በእሳት ሳይለበለብ ሌላ ዛፍ አይነካም...» ፈድሊያ ጉልበቷ ላይ ትጽፋለች። በለቅሶ ላይ ይነበባል እንዴ ብለው ያጉተመተሙት ለቀስተኞች እንኳ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

አንድ ቃል ላይ ወርቅውሃ ቆሙ። አላወቁትም። ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት ሁሉ፣ ቀና ሳይሉ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው በራሽያኛ፣

«አብሳ፣ ይሄ ምን ነበር?» አሉ።

ፈድሊያ አንገቷን ደፋች።

ወርቅውሃ ጣታቸውን ከቃሉ ላይ አላነሱም።