ቅባት ያልነካው ጉንጭ

«ሰላጣ ነኝ እንዴ ዘይት የምታፈሺብኝ?» አለ አባቷ፣ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ልጅቷ የቅባቱን ጠርሙስ እንደያዘች ቆመች። ፀጉር ቤቱ የሱ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ የስንቱን ጢም ላጭቶበታል። አምና ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምላጩን ለሷ አስረከበ። ምላሱን ግን ለማንም አላስረከበም።

«አባባ፣ ቆዳህ ሳስቷል። ይቺ ከምላጩ በፊት ስትቀባ ጢሙን ታለሰልሰዋለች። ደንበኞቼ ሁሉ ወደዋታል።»

«ጢም የሚያለሰልሰው ሙቅ ፎጣ፣ ሳሙናና ትዕግሥት ነው። ሌላው ኪስ ማራገፊያ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀባው ነበር። ዛሬ ግን ቀኑ የሱ ነው። እናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን የዓይን ሞራ ጋርዶት ኖሮ፣ ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ረፋዱ ላይ ፋሻው ይነሳና አክስቷ በታክሲ ወደዚሁ ታመጣታለች። አባትየው ከነጋ ጀምሮ፣ «ከስንት ጊዜ በኋላ ስታየኝ ጢም የወረሰው ሽማግሌ ሆኜ መጠበቅ የለብኝም» እያለ መቀመጫ አሳጥቷታል።

«እሺ፣ እንወራረድ» አለ ድንገት። «ቀኙን በአንቺ ቅባት፣ ግራውን በኔ ሙያ። ዳኛዋ እናትሽ ትሁን።»

«ተስማማን። ኋላ ማኩረፍ የለም!»

ፎጣውን ከሙቅ ውሃ አውጥታ ጨመቀችና ፊቱ ላይ ጣል አደረገችው።

«ኧረ ግራውን አቃጠልሽኝ!»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ደህና ነው።»

ፎጣው አንድ ነው፤ ሙቀቱም አንድ ነው። ልጅቷ ቀኝ ጉንጩን ቀብታ አሸችው፣ ከዚያ ሁለቱንም በሳሙና አረፋ ሸፈነች። አረፋው በቀኝ በኩል ወደ ከንፈሩ ጥግ ወረደ። አንዲት ጠብታ ሳሙና የማይታገሠው ሰውዬ ዝም አለ።

«አባባ... በዚህ በኩል አይሰማህም?»

ዓይኑን ወደ በሩ ጣለ።

«ከታመምኩ ጀምሮ» አለ። «እናትሽ እንዳትሰማ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን እየዳበሰች ነው እንዴት አደርክ የምትለኝ። የምትተኛው በቀኜ ነው፤ የምትዳብሰውም ቀኙን ነው። እኔም እንደተሰማኝ ሆኜ ፈገግ እላለሁ።»

ቀኙን ለቅባቱ የፈቀደላት ስለማይሰማው ኖሯል! አረፋውን ከከንፈሩ ጠረገችለትና ምላጩን አነሳች።

«አትጣደፊ፤ በጢሙ አበቃቀል ውረጂ» አለ፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ።

ቀኙ ያለ እንከን ተላጨ። ግራው ሁለት ቦታ ቀላ፤ እሱ ግን በመስታወቱ አይቶ፣ «የእጅሽ ጥፋት ነው» ከማለት አልቦዘነም።

እናቷ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የአክስቷን ክንድ ይዛ ገባች። መነጽሩን አውልቃ ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አርጅተሃል» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔማ አላየሁም ነበር። አንተ ማርጀቴን እያየህ ዝም አልከኝ?»

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ ውርርዱን ነገረቻት።

«ይሄማ በዓይን አይዳኝም» አለች እናቷ። ዓይኗን ጨፍና ሁለቱንም ጉንጮቹን ዳበሰች። «ግራው ይሻክራል። ቀኙ ለስልሷል። ቅባቱ ረትቷል!»

እጇ እንደ ልማዱ ቀኝ ጉንጩ ላይ ቀረ። አባትየው ፈገግ ሊል ጀመረና ተወው። በሚንቀጠቀጥ እጁ እጇን ያዘና ወደ ግራ ጉንጩ አዛወረው።

«ይሄ እኮ ሻካራው ነው» አለችው።

«ይሁን። የሚሰማኝ በዚህ በኩል ብቻ ነው።»

እናቷ ዓይኗን ገልጣ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች፣ እጇን ግን አላነሳችም።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የምተኛው በግራህ ነው» አለች።