ቄስ ገብረ ኪዳን ለምን ቅዳሴ ቀሩ?

በእኛ በቁሐር ሚካኤል ቄስ ቅዳሴ ከቀረ አገሩ ምክንያቱን ያውቃል፤ ሴት ነው። ሌላ ነገር አይታሰብም። ባሌ ቄስ ገብረ ኪዳን መቅደስ መግባት ባቆሙበት ክረምትም ይኸው ተወራ። እንቅልፍ የማያውቀው ጎረቤታችን አንለይ ደግሞ «ሌሊት ሌሊት ሲወጡ አይቻለሁ» ብሎ መሰከረ።

እውነቱን ነው፣ ይወጡ ነበር፤ ሊሸኑ። ተመልሰው ከእንስራው ይጠጣሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። የሚቀድስ ቄስ ከማታ ጀምሮ ውኃ አይቀምስም፤ ከገባም እስኪያልቅ መውጣት የለም። እንዴት ይቻላቸው? «ለሰው ይንገሩ» ብላቸው፣ «ቄስ ሽንት አሸነፈኝ ብሎ ያወራል? ሞት ይሻለኛል» አሉኝ። ከስተው ከስተው ልብሳቸው ተንጠልጥሎባቸዋል። በሐምሌ የደብሩ አለቃ አዛናው መጥተው፣ «እስከ ፍልሰታ ምክንያትዎን ካልነገሩን ጥምጣሙን ያወርዳሉ» ሲሏቸው ባሌ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ነደድኩ።

በነጋታው ሜዳውን ያጥለቀለቀውን ውኃ እያቋረጥን ወረታ ጤና ጣቢያ ገባን። ነርሷ ይርገዱ የምትባል ወጣት ነበረች። ባሌ ሴት መሆኗን ሲያዩ፣ «ራሴን ያመኛል» አሏት።

«ውሸታቸውን ነው!» አልኳት። «ውኃ አይጠግቡም፣ ሽንት አያስቆማቸውም።»

ይርገዱ አልሳቀችም። «አባ፣ ይበላሉ?»

«እበላለሁ፤ ግን እከሳለሁ።»

«ጥሙን በምን ያስታግሡታል?»

«ምእመናን የማር ብርዝ ያመጡልኛል፤ እሱን እጠጣለሁ።»

ሽንታቸውን በብልቃጥ ተቀብላ ሰማያዊ መድኃኒት ጨመረችበትና በእሳት አፈላችው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻ እንደ ሸክላ ቀላ።

«ስኳር ነው፣ አባ።»

«ምን ስኳር!» ብዬ ጮህኩ። «ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ስኳር ካየን ከረምን እኮ!»

ያን ጊዜ ሳቀች። የበሽታው ስም እንደሆነ ነገረችን። ሰውነት ጣፋጩን መጠቀም ሲያቅተው በሽንት ይወጣል፣ ውኃውንም ይዞት ይሄዳል፣ ጥሙም ከዚያ ይመጣል አለች። «ኃጢአት አይደለም፣ አባ። ብርዙን ይተዉት። ጎንደር ሆስፒታል ኪኒን ይሰጥዎታል።» ባሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምኩና፣ «ባሌ ሌሊት የሚወጡት ሽንት ሊሸኑ ነው! በሽታቸው በወረታ ታውቋል! ሴት ያየ ካለ ይምጣና ይናገር!» አልኩ። ማንም አልመጣም። ባሌ ይህን ሲሰሙ መሬት ብትውጣቸው በወደዱ። አለቃ አዛናው ግን ቤታችን ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ለጎንደሩ መንገድም በቅሏቸውን ሰጡን።

ኪኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ጥሙ ቀስ በቀስ ተዋቸው። በፍልሰታ መቅደስ ገቡ። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ጆሮዬን ከመጋረጃው አልነቀልኩም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ድምፃቸው ከውስጥ አልጠፋም። እልልታዬ አመለጠኝ።

ያቺን ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶሮ ይዘንላት ብንሄድ አልቀበልም አለች። ባሌ ታዲያ የክርስትና ስሟን ጠየቋት፤ አመተ ሥላሴ ናት። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ባደረሱ ቁጥር ስሟን ያነሣሉ፣ ያውም ከእኔ ስም አስቀድመው። አልቀናም። እሷ ባትኖር ስሜን የሚጠራልኝ ባል አይኖረኝም ነበር።