ሰባት ንድፍ ለአንድ ፖፖ

ሮቤ ውስጥ ስለ እኔ የሚወራውን አውቃለሁ። «በአማቱ ላይ በቁማቸው ድንኳን የጣለው ሰውዬ» ይሉኛል። ሐሰት ነው ብዬ እንዳልሟገት ድንኳኑን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ሰውየውም በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ ሌላ ሰው አጣፍጦ ሳይነግራችሁ እኔው ራሴ ልንገራችሁ።

የባለቤቴ የወሰንየለሽ አባት፣ አባባ ተክለማርያም፣ የጎባ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሮቤ እኛ ዘንድ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። በጉብዝናቸው ዘመን ከሳነቴ ማዶ፣ በሃረና ጫካ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ግሬደር ነድተዋል። ግራ ዓይናቸውን የዓይን ግፊት ከወሰደው ቆየ። ባለፈው መስከረም ደግሞ ሐኪሙ የቀኙም እየጠበበ ነው አላቸው። ከሕክምና ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ «ኃይለልዑል፣ ይሄም ሳይጠፋ ሃረናን አንዴ ልየው። ጠዋት፣ ጉሙ ሲገፈፍ» አሉኝ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አማቴ ከእኔ የጠየቁት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ችግሩ አዳሩ ነበር። እዚያ ማደሪያ አይጠፋም፤ አባባ ግን፣ «ሌሊት አምስቴ የሚነሳ ሽማግሌ ሰው ቤት አያድርም፤ ነውር ነው» አሉ። ወሰንየለሽ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ፖፖ ግዛና መኪናው ውስጥ አስገባ። ጎህ ሲቀድ ከተነሳችሁ ጉሙን ትደርሱበታላችሁ» አለች።

ፖፖ! እኔ እኮ የቴክኒክ ንድፍ መምህር ነኝ። ከደብረ ታቦር ድረስ መጥቼ ስንቱን የሮቤ ልጅ መስመር እንዴት እንደሚሰመር ያስተማርኩ ሰው፣ አማቴን በፖፖ ልወስድ? «አባባ፣ እርስዎ ሰው ቤት አያድሩም፤ ቤትዎን ይዘን ነው የምንሄደው። ሁለት ሳምንት ብቻ ይስጡኝ» አልኩ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ያሰብኩት በአሮጌዋ ዲኤክስ መኪናዬ የምትጎተት ትንሽ ቤት ነው። ስትዘጋ ሁለት ሜትር በአንድ ከሃያ ትሆናለች፤ ስትከፈት በቀኝ የአልጋ መሳቢያ፣ በግራ የማድቤት መሳቢያ ይወጣላታል፤ ከኋላ ደግሞ ሽንት ቤቷ በሸራ ትዘረጋለች። የመጀመሪያውን ንድፍ አባባ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና፣ «ኢንጂነር፣ አልጋውም ማድቤቱም ሲዘጉ የሚገቡት አንድ ቦታ ነው እኮ። ወጡ የሚደፋው እኔ ላይ ነው» አሉኝ። አላመንኩም። በሳሙና ካርቶን ሠርቼ ስሞክረው፣ ማድቤቱን ስገፋ አልጋው በወዲያ በኩል ተስፈንጥሮ ወጣ። በሁለተኛው ንድፍ ይሄን አስተካከልኩ፤ አሁን ደግሞ አልጋው ሲሳብ ቤቷ በሙሉ ወደ ቀኝ ተገለበጠች። ለሦስተኛው እግር አበጀሁላት። አራተኛው ለምን እንዳስፈለገ ትዝ አይለኝም፤ ማታ ማታ መሣል ስለጣመኝ ይመስለኛል። እንዲህ እንዲህ ስል ጥቅምትም ኅዳርም አለፈ። አባባ በየእሑዱ፣ «መቼ ነው?» ይሉኛል። «ደርሷል» እላለሁ።

ብየዳውን የያዘው ሳላሀዲን ነው። ሳላሀዲን መናኸሪያው ጀርባ የግቢ በር ይሠራል፤ ከግቢ በር ሌላ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ንድፌን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ «ኩኒ ማሊ?» አለኝ፤ ይሄ ምንድነው ማለቱ ነው።

«ተጎታች ቤት ነው። ሁሉም ልክ ተጽፎልሃል» አልኩት።

«ኦቦ ኃይሌ፣ እኔ የምሠራው በስንዝር ነው» አለና በንድፌ የእጁን ግራሶ ጠረገ።

አክስሉንና ጎማዎቹን ከተሰበረ የፈረስ ጋሪ አወጣ። በሩን ሲሠራ ልማድ አልለቅ ብሎት አናቱ ላይ የጦር ጫፍ ደረደረበት፤ መሃሉ ላይ አበባ አደረገበት፤ ክንድ የሚያህል መቀርቀሪያም ገጠመለት። ሌባ ተጎታቿን በሙሉ ጎትቶ ሊሄድ ይችላል፤ በሯን ግን አይከፍታትም። ጨረስኩ ባለኝ ቁጥር አዲስ ንድፍ ይዤበት እሄዳለሁ። አንድ ቀን መነጽሩን አውልቆ፣ «ወላሂ፣ አንተ የምትፈልገው ብረት አይደለም፤ ወረቀት ነው» አለኝ። ተቀየምኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት፤ እሱ ግን ማኩረፌን አላወቀም።

ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ልቤን የሚያሞቅ ነገር መጣ። አባባ ንድፎቼን መንቀፍ ተዉ። ስድስተኛውን ሳሳያቸው፣ «ግሩም ነው» አሉ። ሰባተኛውን ገልብጠው ይዘውት እንኳ፣ «ግሩም ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከየትም በኩል ቢታይ ያምራል ማለታቸው መሰለኝ። «ሰማሽ? አባትሽ እንኳ አመኑልኝ!» አልኳት ወሰንየለሽን። ጎባ መሥሪያ ቤቷ ለመሄድ እየቸኮለች ነበር፤ አየችኝና ወጣች። አባባ «መቼ ነው?» ማለቱንም ትተውት ነበር። ትዕግሥት ያገኙ መሰለኝ።

የቀረኝ የጣሪያዋና የሽንት ቤቷ ሸራ ነበር። ጅልነቴ ጫፍ የደረሰው እዚህ ላይ ነው። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት እድር ነው። አዲስ ድንኳን ሲገዛ አሮጌውን ለቀቁልኝ። አንዱ ፊቱ በጭስ ጠቁሯል። በሌላው ፊቱ ላይ «የመረዳጃ እድር ድንኳን» የሚል ትልቅ ቀይ ጽሑፍ አለ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ፊደል ሮቤ ውስጥ ማንም አይጽፍም፤ ይሄን ስል አላፍርም። ወደ ውስጥ ማዞሩ አሳዘነኝና ጽሑፉን ወደ ውጭ አደረግሁት።

የእድሩን ደንብ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። አንዱ አንቀጽ፣ «የእድሩ ድንኳን በአባል ደጅ ተጥሎ የታየ እንደሆነ፣ ጥሪ ሳይጠበቅ ሁሉም ወዲያው ይድረስ» ይላል። እንደዚያ ባለ ጥርት ያለ አማርኛ ጽፌው፣ ፈርሜበት፣ ረሳሁት።

በመጋቢት፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው፣ አንድ ቅዳሜ ልንነሳ ቆረጥን። ግቢያችን ሦስት ሜትር ተኩል ነው፤ ተጎታቿ ስትከፈት አራት ከሠላሳ ትሆናለች። ይሄንንም ያወቅሁት በዚያው ጠዋት ነው። ስለዚህ ደጃፍ አውጥቼ ዘረጋኋት። አባባን እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋዋን ሊሞክሯት ጋደም አሉ። ወሰንየለሽ ቤት ውስጥ ስንቅ ትቋጥራለች። እኔ ከሥር ገብቼ የመሳቢያውን እግር ማጥበቅ ጀመርኩ።

«ወይኔ ተክለማርያም! ወይኔ የሃረና ጌታ!»

የጎረቤታችን የእትዬ ማናልበሽ ድምፅ ነው። ማን ይሆን የሞተው ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እስቲ ፍረዱኝ! ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ሰርግ የለም፤ የእድር ድንኳን በጾም የሚጣለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ከተጎታቿ ሥር ስወጣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጄን ሞልቶታል። ፊቴ ግራሶ፣ ፀጉሬ አቧራ ለብሷል። «እዩት፣ ምን እንዳደረገው!» ብለው ተጠመጠሙብኝ።

«ኧረ አልሞቱም!» አልኩ።

«አይዞህ» አለኝ የእድሩ ዳኛ ትከሻዬን እየመታ፣ «መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።»

«በእግዚአብሔር፣ እዚህ ውስጥ ተኝተዋል እኮ!» ብዬ ወደ መሳቢያው ጠቆምኩ።

ጣቴን ተከትለው አዩ። ሁለት ሜትር በሰባ ሳንቲም፣ ዙሪያውን በጣውላ የተለበጠ ነገር ከሸራው ሥር ወጥቷል። ለቅሶው እጥፍ ሆነ። አንዱ ወንበር ለማስመጣት ሮጠ። ጎረቤቶቻችን እነ ሰንበቴ ስንዴና ባቄላ ለንፍሮ ጣዱ። ወሰንየለሽ ከቤት ወጥታ ይሄን ሁሉ ሰው ስታይ ለቅጽበት አመነች መሰለኝ፤ «አባዬ!» ብላ ሰውን እየገፋች ወደ ተጎታቿ በረረች።

ከሸራው ውስጥ ሳል ተሰማ። «ማናልበሽ፣ ዛሬ ጌታ ትይኛለሽ!» አለ የአባባ ድምፅ። «ባለፈው ስለ ዶሮሽ ስንጣላ ምን ብለሽ ነበር የሰደብሽኝ?»

እትዬ ማናልበሽ ከቆሙበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያው ያ ሁሉ ለቀስተኛ በሳቅ ፈነዳ። አባባ የመሳቢያው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሰውን አንድ በአንድ ሲናገር እየሰሙ በስሙ ይጠሩት ጀመር። «ዙሀይራ፣ አንቺም አለቀስሽልኝ? አላህ ያክብርሽ።» «ዳኛው፣ ወንበሩን መልስ፤ ለሌላ ጊዜ ያስፈልገኛል።» እኔም ከኀፍረቴ መለስ ብዬ መሳቅ ጀመርኩ።

ሳላሀዲንም መጥቶ ነበር። ሳቁ አፍኖት አንድ እጁን አፉ ላይ ይዞ፣ ሌላውን ለሰላምታ ዘርግቶ ፊታቸው ቆሟል፤ ከአፍንጫቸው ክንድ አይርቅም። አባባ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩና፣ «ያ ሳላሀዲን የት ቀረ? እሱ በሠራው አልጋ ሞቼ ለቅሶዬን አይደርስም?» አሉ።

ሰው ሳቀ። ሳላሀዲን ግን አልሳቀም። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ። ወሰንየለሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ሰባተኛው ንድፍ ትዝ አለኝ፣ ተገልብጦ የተያዘው።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው አጠገባቸው ተንበርክኬ።

«ምኑ?»

«አባባ።»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ከጥምቀት ወዲህ። ብርሃንና ጨለማ እለያለሁ፤ አትንጫጩብኝ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ልበልህ? በመስከረም ብትወስደኝ ቅጠሉን ሁሉ አይ ነበር። በኅዳርም ገና ነበረኝ። አንተ ግን ያን ወረቀት ይዘህ ስትገባ ድምፅህ የሕፃን ድምፅ ነበር። እዚህ አገር ከመጣህ እንደዚያ ደስ ብሎህ ሰምቼህ አላውቅም። ተው ማለት አቃተኝ።»

ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! አለቀስኩ፣ ሰው ፊት፣ እንደ ልጅ። ድንኳኑ ተጥሏል፣ ለቀስተኛው ተሰብስቧል፤ ያ ሁሉ ዝግጅት በከንቱ አልቀረም። ማንም አይዞህ አላለኝም።

ወሰንየለሽ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ሰማያዊ ፖፖ ይዛለች፤ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠለትም። «በመስከረም ነው የገዛሁት» አለች። ዲኤክሷ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ተነሳ እንሂድ።» ሳላሀዲን ሳይነገረው ተጎታቿን ከመኪናው ፈታ። እትዬ ማናልበሽ ንፍሮውን በፌስታል ሞልተው በመስኮት አቀበሉን። «የተጣደ ንፍሮ አይመለስም፤ ስንቅ ይሁናችሁ» አሉ።

ጎባን አልፈን ሳነቴ ስንወጣ አባባ በዚያ ብርድ መስኮቱን አስከፈቱ። ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ «አሁን ወደ ግራ ትጠመዘዛለህ» ይሉኛል፤ መንገዱ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። «እዚህ ጋ ውኃ አለ» ይላሉ፤ ውኃው አለ። እኔ መሪውን ብቻ ይዣለሁ። ፖፖዋ ሁለቴ አገለገለች። አልተገለበጠችም፣ እግርም አላስፈለጋትም።

ሃረና ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አቆምን። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ሄደው ግንዱን አቀፉት። ጠሩኝ፤ በወዲያኛው በኩል ዞሬ እኔም አቀፍኩት፤ እጆቻችን አልተገናኙም።

«ኢንጂነር፣ ዙሪያው ስንት ይሆናል?» አሉ ከግንዱ ማዶ።

«ሜትሬ ተጎታቿ ውስጥ ቀርቷል።»

«ተመስገን» አሉ አባባ። ከዚያ፣ «ጉሙስ?» አሉኝ።

ጉም የሚባል ነገር አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጉሙ የተገፈፈው እኛ ሮቤ ላይ ለቅሶ ስንቀመጥ ነው። ወሰንየለሽን አየኋት፤ ፊቷን አዞረች።

«እየተገፈፈ ነው አባባ። ልክ አሁን» አልኩ።

«ውሸታም። ፀሐዩ ጀርባዬን እየጠበሰኝ ነው» አሉ። ግንዱን ሳይለቁ ሳቁ። «ሰባት ወር 'ደርሷል' ስትለኝ ከርመሃል፤ ይበቃል። አሁን ያለውን ብቻ ንገረኝ።»

ከቅርቡ ቅርንጫፍ ተነስቼ መንገር ጀመርኩ።